የጠበሉ ጎረቤት

ያምሮት የአያቷን ቤት የእንግዳ ማረፊያ አደርገዋለሁ ብላ ከባሕር ዳር ስትመለስ የጥድ በር ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። ቤቱ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ለብቻው የቆመ፣ አያቷ ግራዝማች ዓለሜ በድንጋይና በጭቃ ያሠሩት ባለ ፎቅ ቤት ነው። እሳቸው ካረፉ ወዲህ የሣር ክዳኑ በከፊል ወድቋል፤ ሰገነቱን ርግብ ወርሶታል፤ ምድር ቤቱ ደግሞ የጎረቤት በሬዎች ማደሪያ ሆኗል።

ጥድ በር ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብላ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዓመቱን ሙሉ ጸጥ ብላ ትከርምና የካቲት ኪዳነ ምሕረት ሲደርስ እግር መትከያ ይጠፋባታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ፣ ከአለት ስር የምትወጣ ጠበል አለች። ለእርሷ ሲል ከአዊም፣ ከዳሞትም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከአዲስ አበባም ሰው ይጎርፋል። ማረፊያ ግን የለም። የታደለ ከዘመድ ቤት ይጠጋል፤ ሌላው ሸራ ወጥሮ ያድራል።

ያምሮት ወጣትነቷን የጨረሰችው በባሕር ዳር ሆቴሎች ውስጥ ነው። አንሶላ በማጠፍ ጀምራ የክፍሎች ኃላፊ እስከ መሆን ደርሳለች። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ሲቆረቁራት ኖረ። እንግዳው ውሃና ዛፍ ናፍቆ ይመጣል፤ የሚያርፍበት ቤት ግን ያንኑ ውሃና ዛፍ እየጎዳ ያስተናግደዋል። «እኔ ብሠራ» ትል ነበር ለራሷ፣ «ቦታውን የማይጎዳ ቤት ነው የምሠራ።» ባሏን በሞት ካጣች በኋላ ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳትና ሻንጣዋን ሸክፋ ተመለሰች።

ታላቅ ወንድሟ እጅጉ ፍኖተ ሰላም ላይ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይሸጣል። ሐሳቧን ስትነግረው ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር፤ ሳቁ አመለጠው።

«ይልቅ ይፍረስ» አላት። «በብሎኬት እናቁመውና መስታወት እናልብሰው። ቡሬ ላይ አላየሽም እንዴ?»

«ጋሸ፣ መስታወት የለበሰ ቤት ለማየት ማን ጥድ በር ድረስ ይመጣል?»

«ሰው ከጭቃ ቤት ሸሽቶ ነው ከተማ የሚገባ። አንች ደግሞ ከከተማ ጠርተሽ ጭቃ ቤት ልታስገቢው ነው?»

«ሲገባበት ታየዋለህ።»

«ደግሞ ሣር ክዳን! በእኔ እህት ቤት ላይ! ቆርቆሮ ነጋዴ ነኝ እኮ፤ ሰው ምን ይለኛል?»

በቀልድ የጀመረውን በቁጣ ጨረሰው። ነገሩ ሰንብቶ ከሽማግሌ ደረሰ፤ በመጨረሻ ቤቱን እሷ፣ የአባታቸውን ሱቅ እሱ ሊይዙ ተስማምተው ተለያዩ። ከዚያ በኋላ እጅጉ ቤቱ ሲጠገን አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላለም።

ጥገናው ሁለት በጋ ፈጀ። የጤፍ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ሲቦካ ሰንብቶ ግድግዳው ተመረገ። ከአዊ በኩል ምስክር የሚባል የቀርከሃ ባለሙያ መጥቶ ኮርኒሱን እንደ ሰፌድ ሠራው። ግራዝማች ያስጠረቧቸው የዋንዛ በሮች ተፍቀው በየቦታቸው ተመለሱ። መብራቱ ከፀሐይ ነው። ሽንት ቤቱ ውሃ አይፈልግም፤ የሚወጣውም በግቢው ላለው ጌሾ ማዳበሪያ ይሆናል። ክዳኑ፣ እጅጉ እንደ ፈራው፣ ሣር ሆነ። መንገድ ሲዘጋ ሥራው እየቆመ፣ ሲከፈት እንደገና እየተጀመረ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አለቀ።

የጎደለው ውሃ ብቻ ነበር። ያምሮት ከባሕር ዳር ጉድጓድ ቆፋሪ አስመጣች። ሰውየው ከቤቱ ጀርባ ያለውን መሬት ዞር ዞር ብሎ አየና እዚህ ጋ ይቆፈር አለ። እሷም ቀድማ የጠየቀችው ስለ ጠበሏ ነበር።

«ዝምድና የላቸውም» አላት። «ያችኛዋ ላይ ላዩን የምትሄድ ናት። ይሄኛው ከጥልቅ ነው የሚወጣ።»

ውሃው ወጣ። በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ተገጠመለት፤ በየክፍሉ ሻወር ገባ። ያምሮት የመጀመሪያውን ውሃ በመዳፏ ተቀብላ ፊቷን ታጠበችበት። ከግቢው በር አጠገብም አንድ ቧንቧ ለጎረቤት አወጣች፤ የሠፈሩ ሴቶች ጄሪካናቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር።

በታኅሣሥ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ገቡ። ከባሕር ዳር የመጡ የጽዋ ማኅበርተኞች ነበሩ፤ ከኋላቸው ከአዲስ አበባ ባልና ሚስት ተከተሉ። አንዲት አሮጊት እናት ክፍላቸው ገብተው ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱና «እዚህ ቤት ውስጥ የተወለድሁ መሰለኝ» ብለው ተቀመጡ። ያምሮት ለዚያ ቃል ስትል ሁለቱን በጋ እንደገና ብትለፋ አይቆጫትም ነበር። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ክፍሎቹ ሁሉ አስቀድመው ተያዙ።

ጥር መጋመሻ ላይ የኔታ ገብረ ኢየሱስ ሊጎበኟት መጡ። የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ግማሹ የጥድ በር ዲያቆን ከእሳቸው እግር ስር ያደገ ነው። ቤቱን ዞረው አዩ፤ ሰገነቱን በዱላቸው መታ መታ አደረጉ፤ መረቁ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙና ወደ ቧንቧው አሻግረው እያዩ፦

«ደግ ሠራሽ ልጀ» አሏት። «ኪዳነ ምሕረት አጣጭ አገኘች።»

ያምሮት ደስ አላት። አጣጭ ማለት ከአንድ ዋንጫ አብሮ የሚጠጣ ባልንጀራ ነው። ከእመቤታችን ጋር መወዳጀት ከዚህ የበለጠ ምን ምርቃት አለ? ለሠራተኞቿ ሁሉ አወራችው።

ከሳምንት በኋላ ራሷን እያመማት ስለ ሰነበተ ጠበል ልትጠመቅ ወረደች። ወረፋው ረጅም ነበር። የሴቶቹን ጠበል የሚያስተናብሩት እማሆይ እህተ ማርያም ከአለቱ ስር ተቀምጠው ለሕሙማን እንስራ ይሞላሉ።

«እንዴት ዋሉ እማሆይ? ዘንድሮ ሰው በዛሳ።»

«እግዜር ይመስገን። ሰውስ ያው ነው ልጀ። እኔ ነኝ ጸሎት ያበዛሁ።» ፈገግ አሉ። «ድሮ ይኼ እንስራ እስኪሞላ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ብደግም ይበቃ ነበር። አሁን ውዳሴ ማርያሙን አጋምሸም አልሞላ።»

ያምሮት ሳቀች። ሳቋ ግን ከመንገድ ቀረ። የኔታ ያሏት ቃል ትዝ አላት። አጣጭ አሉ እንጂ ባልንጀራ አላሉም። ከአንድ ዋንጫ ሁለት ሰው ከጠጣ የአንዱ ድርሻ ይጎድላል።

«እማሆይ፣ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጀ። ዝናቡም ዘንድሮ ቶሎ ነው የወጣ።»

«ሰውስ ምን ይላል?»

እማሆይ እንስራውን አስተካከሉ። «ሰው ምን የማይለው አለ» አሉና ውዳሴያቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ሳትጠመቅ ተመለሰች። ለጉድጓድ ቆፋሪው ስትደውል የሰጣት መልስ የተረጋጋ ነበር። በበጋ ምንጭ ይደክማል፤ የጉድጓዱ ጉዳይ አይደለም። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ያምሮት ልታምነው ፈለገች፤ አጥብቃ ፈለገች። ግን ያን ዕለት ሻወር በከፈተች ቁጥር የእማሆይ እንስራ ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

በማግስቱ ፓምፑን ዘጋችው። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም፤ ለሠራተኞቿ ተበላሽቷል አለቻቸው። ውሃ በአህያ ጋሪ ከፈጣም ወንዝ ማስቀዳት ጀመረች። በየማለዳውም ቅዳሴ አስቀድሳ ስትመለስ በጠበሏ በኩል ታልፍና ቆም ብላ ታያለች።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ደስ አላት፤ በደስታዋም አፈረች። ቆፋሪው ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ነገ እከፍተዋለሁ ብላ ወሰነች። በነጋው ግን ገና ወደ አለቱ ሳትደርስ እልልታ ሰማች። ከቀርከሃው አሸንዳ የሚወርደው ውሃ እንደ ክር መሆኑ ቀርቶ እንደ ክንድ ወፍሯል። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው ይረጫጫሉ፤ እማሆይ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፦

«ለበዓሏ ጎበኘችን!» ይላሉ። «እመቤቴ ለበዓሏ ጎበኘችን!»

ያምሮት አብራ እልል ለማለት አፏን ከፈተችና መልሳ በነጠላዋ ሸፈነችው።

ቀኑን ሙሉ ሰው ሁሉ ስለ ተአምሩ ሲያወራ ዋለ። እሷ ዝም ብትል የሚያውቅ የለም። በዓሉ እስኪያልፍ በጋሪ ትቆይ፣ ከዚያ ፓምፑን ትክፈት፤ ጠበሏ ብትደክምም የበጋው ነገር ነው ይባላል። ክፍሎቹ ሁሉ ተይዘዋል። ሁለት በጋ የለፋችበት ቤት ነው። ይህን ሁሉ እያወጣች እያወረደች አልጋ እንኳ ስታነጥፍ ትራሱን በእግርጌ በኩል አስቀምጣ ተገኘች።

በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ስለ በዓሉ ዝግጅት ለመነጋገር ከዋርካው ስር ተሰበሰቡ። ያምሮት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«አንድ ነገር ልናገር» አለች። «ጠበሏ የተመለሰች እኔ ፓምፔን ስለ ዘጋሁ ነው። ስትደክም የከረመችውም በእኔ ጉድጓድ የተነሳ ነው። አይገናኙም ተብየ ነበር፤ አምኜም ነበር። አሁን ግን በዓይኔ አየሁት።»

 ከዚያ ባምላኩ የሚባል ግንበኛ ከወደ ኋላ ተነሳ። ሚስቱ ከመኸር ጀምሮ መራመድ አቅቷት በየቀኑ አዝሎ ጠበል የሚያመጣት እሱ ነው።

«እኔ ሚስቴን አዝየ ወረፋ ስጠብቅ» አለ፣ «አንች ከላይ ሆነሽ እንግዳ ታጥቢ ነበር?»

«አዎ» አለች ያምሮት። 

ጉርምርምታው ከፍ አለ። አንዱ ይታሸግ አለ፤ ሌላው ለወረዳው እንከስ አለ። ያኔ ከሴቶቹ መካከል አንዲት ጎረቤቷ ወለተ ሐና እንደ ተቀመጠች፦ «እኛስ ከበሯ ስንቀዳ አልከረምንም?» አለች። «የጠጣነው እኮ ሁላችንም ነን።»

የኔታ ገብረ ኢየሱስ በዱላቸው ተመርኩዘው ተነሱ።

«ጥፋት ከተባለ እኔም አለሁበት» አሉ። «ነገሩን ጠርጥሬ ነበር። ከቤቷ ሄጄ ግን ቅኔ ተናገርሁ። ትፍታው ብየ ጥያት መጣሁ። ተማሪ እንጂ ጎረቤት በቅኔ አይመከርም። ፊት ለፊት መናገር ፈርቼ ነው።» ወደ ያምሮት ዞሩ። «አሁንስ ምን አሰብሽ ልጀ?»

«ጉድጓዱን አሳሽገዋለሁ፤ እናንተ ቆማችሁ። ለእንግዶቼም ሻወር የለም፣ በሳፋና በማንቆርቆሪያ ነው የምትታጠቡ ብየ እነግራቸዋለሁ። የሚቀር ይቀራል።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም የኔታ።»

ጉድጓዱ ታሸገ። ለእንግዶቹ እየደወለች ስትነግር አንዳንዱ ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ቦታ ያዘ። ብዙዎቹ ግን የምንመጣው ለጠበል እንጂ ለሻወር አይደለም አሉ።

ወሬው በቅዳሜ ገበያ ፍኖተ ሰላም ደረሰ። ከበዓሉ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ትልቅ የውሃ ሮቶ የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ጉብታውን ወጣ። ከጋቢናው እጅጉ ወረደ። ከቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ከላይ እስከ ታች አየው። የአያቱን በር በእጁ ዳሰሰ።

«ተፍቆ ነው እንዲህ የሆነ?» አላት።

«ተፍቆ ነው።»

«እኔ የተጣለ መስሎኝ ነበር።» እጁን ከበሩ አነሳ። «ገበያ ላይ ስምሽ ሲነሳ ሰማሁ። አንዱ ይሰድባል፣ አንዱ ይመርቃል። የቱ እንደሚበልጥ ሳላጣራ መጣሁ።»

ያምሮት ከልጅነታቸው ወዲህ ያላደረገችውን አደረገች፤ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ደንግጦ «በይ በይ፣ ሮቶው ይውረድ» አላት።

ማታ እራት ላይ ዋናውን ነገር አነሳ። «ውሃ ከሰማይ ይመጣል። ግን ሣር ክዳን ውሃ አያጠራቅምም፤ የሚወርደውም እንደ ጠላ ጠቁሮ ነው። ቆርቆሮ ያስፈልግሻል።»

ያምሮት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የአያቴን ቤት ቆርቆሮ አላለብስም።»

«ማን አልብሺ አለሽ? ሌላ ጣራ ፈልጊ።»

እራቱን ከጨረሱ በኋላ ያምሮት በመስኮቱ ወደ ታች ተመለከተች። ከቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ቀድመው የመጡ ጠበልተኞች ሸራቸውን እየወጠሩ ነበር። ነፋሱ አንዱን ሸራ ነጥቆ ሲያንከባልለው አንዲት እናት ተከትላ ስትሮጥ አየች።

«ጋሸ» አለች፣ «ለእነሱ አዳራሽ ብንሠራስ? ሰፊ፣ ረጅም፣ ቆርቆሮ ክዳን። በክረምት ጣራው ውሃ ይሰበስባል፤ በበጋ ሰው ይጠለልበታል።»

እጅጉ ራሱን ሲነቀንቅ ቆየና፦ «ቆርቆሮው የእኔ ድርሻ ነው» አለ። «ግራዝማች ላንች ብቻ አያት አልነበሩም።»

በዓሉ በሰላም አለፈ። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች በማንቆርቆሪያ እየተቀባበሉ ሲታጠቡ፣ ልጅ ሆነው ገጠር የከረሙበትን ጊዜ እያነሱ ሲሳሳቁ ተሰሙ። አንድ እንግዳ ግን ጠዋት ጠዋት አጉረመረመ፤ በሦስተኛው ቀን ከሌሎቹ ቀድሞ ሄደ። ያምሮት እስከ አስፋልቱ ሸኘችው።

ከፋሲካ በኋላ ለአዳራሹ ደቦ ተጠራ። የመጣው ሰው ያምሮት ካሰበችው በላይ ነበር። ድንጋይ ከወንዝ ተጋዘ፤ ከጎኑ ውሃ የሚጠራቀምበት ሰፊ ገንዳ ተቆፈረ። ምስክር ለጎን ግድግዳው ቀርከሃ ይዞ ተመለሰ። ባምላኩ በመጨረሻ መጣ። ለማንም ሰላም ሳይል መዶሻውን አወጣና የገንዳውን ድንጋይ መጥረብ ጀመረ። ያምሮት ምሳ ይዛለት ስትሄድ ቀና ብሎ፦

«ተናግሬሽ ነበር» አላት።

«እውነት ነው የተናገርህ።»

«እሱንስ አውቃለሁ። ምርር ብየ መናገሬን ነው።» እንጀራውን ተቀበላት። «ትላንት ከዛፍ ዛፍ እየተደገፈች ትንሽ ተራመደች።»

ያምሮት ከአጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ስለ ሚስቱ ስትጠይቀው፣ እሱም ሲነግራት፣ ምሳው ቀዘቀዘ።

የመጀመሪያው ዝናብ በሰኔ ሲወርድ ሁሉም ለማየት ወጣ። ውሃው በአሸንዳው እየተንደረደረ መጥቶ ገንዳው ውስጥ ገባ፤ ማታ ግን ገንዳው ባዶ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ማዕዘን ተሰንጥቆ ኖሯል። እጅጉ ሲሚንቶውን ረገመ፤ ባምላኩ ሲሚንቶውን ያቀረበው ማን እንደሆነ ጠየቀውና ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። እንደገና ተለሰነ። ሁለተኛው ዝናብ ላይ አሸንዳው ከመጋጠሚያው ተላቀቀ፤ እጅጉ መሰላል ላይ ወጥቶ በሁለት እጁ ይዞት እየራሰ «ቶሎ በሉ!» ሲል ያምሮት ሳቋን መግታት አቅቷት ሚስማሩን ማቀበል ተሳናት። ሐምሌ ሲገባ ግን ገንዳው ሞላ፤ ነሐሴ ላይ ተርፎ ለጌሾው ፈሰሰ። እማሆይ እህተ ማርያምም በጳጉሜ ሊጠመቅ የጎረፈውን ሰው ሲያስተናብሩ፣ እንስራቸው አቡነ ዘበሰማያት ሳያልቅ ይሞላ ነበር።

በጥቅምት ከደንበጫ በኩል ሦስት የሰበካ ጉባኤ ሰዎች መጡ። በአጥቢያቸው ጠበል አለ፤ አንድ ባለሀብት አጠገቡ ማረፊያ ልሥራ ብሎ ጠይቋቸው ምን ብለው እንደሚመልሱለት ተቸግረዋል። ገንዳውን አዩ፤ አዳራሹን አዩ፤ የታሸገውን ጉድጓድም አሳይን አሉ። ያምሮት ምንም ሳትደብቅ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው።

«እስቲ መጥተሽ ለራሱ ንገሪው» አሏት። «እኛ ብንለው አይሰማንም።»

ለእጅጉ ደወለች።

«ደንበጫ ደርሰን እንምጣ፤ መኪናውን ይዘህ ና።»

«ምን ሊደረግ?»

«ሆቴል ሊሠራ ያሰበ ሰው አለ።»

«በምን ሊከድነው ነው ያሰበው?»

«ገና አልወሰነም» አለች ያምሮት፣ ጫማዋን በአንድ እጇ እያጠለቀች። «ቶሎ ና፤ ሳይወስን እንድረስ።»